የታሰረችው ጎተራ

ይህን ስነግራችሁ እንደማታምኑኝ እምላለሁ። በሌላ ነገር ምዬ አላውቅም፤ በዚህ በአንዱ ግን ሁልጊዜ እምላለሁ፤ መሐላዬም አንድ ቀን እንኳ ሐሰት ሆኖ አያውቅም፤ የነገርኩት ሁሉ ሳያምነኝ ተነሥቶ ሄዷል። የሆነው ሆኖ በነጭ አፋፍ በኩል ያለፈ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። ነጭ አፋፍ ከገደሉ ከንፈር በላይ ባለው አለት ላይ የተሰቀለች መንደር ናት፤ ወደ ታች የተፋ ሰው ምራቁ መሬት ሳይነካ እራቱን በልቶ ይተኛል።

በዚህች መንደር ጎተራ ይታሰራል። ጎተራ ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በአራት የወይራ እግር ከመሬት ብድግ ብላ የቆመች፣ በልምጭ ተጎንጉና በጭቃና በእበት የተመረገች፣ የሣር ቆቧን የደፋች፣ እህል የሚከተትባት ያቺው ጎተራ ናት። አንደኛው እግሯ ላይ የጠፍር ገመድ ይጠመጠማል፤ ገመዱ ግቢውን አቋርጦ በደጃፍ ይገባና ከመኖሪያ ቤቱ ምሰሶ ላይ ይቋጠራል። ሴቶች ነጠላ ያሰጡበታል፤ ከጠላ የተመለሰ አባወራ በየሳምንቱ ይጠለፍበታል፤ የሚቆርጠው ግን የለም። ቢያረጅ እንኳ አዲሱ ሳይቋጠር አሮጌው አይፈታም። እንግዳ መጥቶ «እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ጎተራ በቅሎ ናት ወይ?» ብሎ ሲስቅ፣ የመንደሩ ሰው አብሮ ይስቅና ወዲያው ዝቅ ብሎ የቆመበትን መሬት ያያል። እያየም እግሩን አንድ ጊዜ አንሥቶ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህን ልማድ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው ከክፉ ቀን ማግስት ነው። ያ ክፉ ቀን እንዴት ያለ ነበር ቢሉ፣ አይጦች እንኳ የሚበላ አጥተው መንነው ገዳም ገቡ ይባላል። ሰው ያለውን ሁሉ ከበላ በኋላ የማይበላውን በላ፤ ዘሩን ማለቴ ነው። ዘር መብላት የገዛ ልጅን ስም እንደ መርሳት ነው ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ግን ልጁ ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያለቅስ ምን ይደረጋል? ስለዚህ ቀኑ ዞሮ ጥቂት ስንዴና ገብስ በተገኘ ጊዜ መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። በየቤቱ የተቀመጠ ዘር ድስት ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ በአንድ ጎተራ ቢከተት ግን ሁሉ ሁሉን ይጠብቃል ተባለና፣ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ቁና ንጹሕ ዘር እንዲሰጥ ቃል ገባ። ንጹሕ የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ቀጥሎ ጠባቂ መምረጥ ነበር። የዚያን ጊዜ የመንደሩ ሹም ጭቃ ሹም ይርዳው ይባሉ ነበር፤ በክፉው ቀን የሰው ሁሉ ሆድ ከጀርባው ሲጣበቅ የእሳቸው ሆድ ብቻ ከእሳቸው ቀድሞ ሸንጎ የሚደርስ ሰው ነበሩ። ጀግኖች ሁሉ «እኔ! እኔ!» እያሉ ደረታቸውን ቢነፉ፣ ጭቃ ሹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጀግና ይተኛል» አሉ። «ምን አስፈርቶት አይተኛ? ሽብሩን ጥሩልኝ።»

ሽብሩ በአገሩ የታወቀ ፈሪ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ወጥታ ጥላው ሲቀድመው፣ ቆሞ ያሳልፈው ነበር ይባላል። ስሙን ሲጠሩት መጀመሪያ ይሮጣል፤ ቀጥሎ «አቤት» ይላል። ያን ቀንም ከሩጫው መልሰው ሲያመጡት ጭቃ ሹም እንዲህ አሉት።

«ሽብሩ፣ ዘሩን አንተ ትጠብቃለህ። ዘሩ የጠፋ እንደሆነ ምን እንደምንዘራ ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጌታው?»

«አንተን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭቃ ሹም ግን አልሳቁም፤ ቆይቶም ሌላው ሰው መሳቁን ተወ። ከረኃብ የወጣ ሰው በዘር አይቀልድም።

ሽብሩ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከእንጉዳይ ፊት ዘፍ አለ። እንጉዳይ ምላሷ ከማጭድ የተሳለ፣ ልቧ ግን እንደ እርጎ የረጋ ሴት ነበረች ይባላል። «እንጉዳይ፣ ዘሩ ከጠፋ ሊዘሩኝ ነው» አላት። «የተዘራሁ እንደሆነ ምን ሆኜ እበቅል ይሆን?»

«እንክርዳድ» አለችው እሷም ዱባዋን እየከተፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽብሩ ፍርሃቱን ሁሉ ወደ ጎተራዋ አዞረው። ያን ጊዜ መንደሩ እንደ ዛሬው አለቱ ላይ ሳይሆን ከአለቱ በታች፣ እንደ ቅቤ በለሰለሰው ጥቁር መሬት ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ጎተራዋ ከቤቶቹ መካከል ትቁም ቢል፣ ሽብሩ «ምስጥ ቢመጣስ? እርጥበት ቢወጣስ? ፍልፈል ከሥር ቢቆፍርስ?» እያለ አስቸገረና፣ ከቤቱ በላይ ባለው ራቁት አለት ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲወቅር ከርሞ አራት ጉድጓድ አወጣ፤ አራቱን የወይራ እግሮች እዚያ ውስጥ ተከለ። መንደርተኛው «ሽብሩ ለጎተራ የድንጋይ ጫማ ሰፋላት» እያለ ሳቀበት። ከደጃፉ እስከ መጀመሪያው እግር ድረስ ልክ አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር። በቀን መቶ ጊዜ፣ አንዳንዶች ሦስት መቶ ጊዜ ይላሉ፣ እየተመላለሰ ስለሚያያት፣ እርምጃዋን ከአባቱ ስም ይልቅ ያውቃት ነበር።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡም ያዘው። እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ፤ እንቁራሪቶች እንኳ «በቃን» ብለው ቤት ለቤት መጠለያ ለመኑ። ከዝናቡ ጋር ጉም መጣ፤ ጉሙም ከመወፈሩ የተነሣ ጎረቤት ሊጠይቅ የወጣ ሰው መንገዱን በማጭድ እያጨደ ይሄድ ነበር ይባላል። በዚያ ሰሞን ከብቶቹ ጠባያቸውን ለወጡ። በሬው፣ ላሙ፣ ፍየሉ ሁሉ ወደ አለቱ እየወጣ ይቆማል፤ በዱላ እየደበደቡ ወደ በረቱ ሲመልሱት ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። በየቤቱም በሮች አልገጥም አሉ። ትናንት የተዘጋ በር ዛሬ ከመቃኑ ይጋጫል። ሰው «እርጥበት ነው» እያለ በምሳር ይጠርበዋል። ሽብሩ ግን የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ ጆሮውን መደቡ ላይ ሲያሳርፍ ከመሬት በታች አንድ ነገር፣ ልክ ወፍጮ ድንጋይ ባዶውን ሲፈጭ እንደሚያሰማው ድምፅ፣ ይሰማው ነበር።

አንድ ማለዳ እንደ ልማዱ ወጥቶ ወደ ጎተራዋ ሲራመድ፣ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ጉም ጨበጠ። አሥራ አራተኛው ላይ ነው ጎተራዋን ያገኛት። ተመልሶ ቆጠረ፤ አሥራ አራት። ጎተራዋ ምንም አልሆነችም፤ ቆቧም አፏም እንደ ነበረ ነው። በማግስቱ አሥራ ሰባት ሆነ። ያን ቀን ደግሞ ከአለቱ ሥር ትናንት ያልነበረ ጠባብ ቦይ ተከፍቶ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎርፍ የቆፈረው ነው ብሎ ይዘለው ነበር፤ ሽብሩ ግን የጎተራዋ ዱካ መሰለው። እግሯን እየጎተተች የሄደችበት። ዘሎ ቤቱ ገባ።

«እንጉዳይ፣ ጎተራዋ እየሄደች ነው!»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ! ወደ ተራራው!»

«ብልህ ናት። እኔም ባል ባይኖረኝ እሄድ ነበር።»

«አትሳቂ አንቺ ሴት! በሁለት ቀን አምስት እርምጃ ሄዳለች!»

«እግርህ አጥሮ ይሆናል፣ አያ ሽብሩ።»

ነገር ግን ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ እሷም ቆጠረች። በእሷ እርምጃ ድሮ አሥራ አምስት የነበረው ሃያ ሆኗል። እንጉዳይ ቦዩን ተሻግራ ጎተራዋን ዳሰሰቻት፤ ተመልሳም ለረጅም ጊዜ ሳትናገር ቆመች። ሽብሩ ከሁሉ ይልቅ የፈራው ይህን ነበር ይላሉ፤ ሚስቱ ዝም ስትል አይቶ አያውቅም።

ቀስ ብላ «ለሰው ተናግረሃል?» አለችው።

«ከነገርኩማ ይዘሩኛል!»

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚሄድ ነገር ሁሉ የሚያዘው በገመድ ነው። ሽብሩ በክፉው ቀን የሞተችበትን በቅሎ ጠፍር ከማጀት አወጣ፤ አንዱን ጫፍ በጎተራዋ እግር ላይ በበቅሎ አስተሳሰር አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ የት ያስረው? ደጁ ላይ ትልቅ ግራር ነበር። «ዛፍ አላምንም» አለ፤ «ዛፍም እግር አለው፤ ሥር ብለው ይጠሩታል እንጂ።» ገመዱን በደጃፉ አስገብቶ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ቋጠረው፤ ራሱም ምሰሶውን ተደግፎ ጠፍሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ጥጃ እንደሚጎትት ገመዱ እጁ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጎተት ይሰማው ነበር ይባላል። «እባክሽ እመቤቴ» ይላታል ለጎተራዋ፤ «ምን በደልኩሽ? ጫማ አላደረግሁልሽም?»

በሦስተኛው ቀን ጠፍሩ ተወጥሮ እንደ በገና አውታር ጮኸ። ምሰሶው ዘመም አለ፤ ከጣራው ሣር መርገፍ ጀመረ። ልክ በዚያ ሰዓት ጭቃ ሹም ይርዳው ጉሙን እየቀዘፉ መጡ፤ ነገ ዘር ይወጣልና ዘሩን ሊያዩ ነበር። ገመዱ ደረታቸውን ያዛቸው።

«ሽብሩ! ይህ ምንድነው?»

«ጠፍር ነው፣ ጌታው።»

«ጠፍር መሆኑን አላጣሁትም። ጎተራ አስረሃል?»

«ነፋስ… ነፋስ እንዳይጥላት ነው።»

ጭቃ ሹም ሞኝ አልነበሩም። ድሮ አሥራ ሁለት የነበረውን ቆጠሩ፤ የሹም እርምጃ ሰፊ ነው፤ ከቦዩ ማዶ ያለውን በዓይናቸው ቢጨምሩበት እርሱም ሃያ ሁለት ሆነ። ከቦዩ አፍ ላይ ሲደርሱ፣ ቦዩ እንደ ትናንቱ በእርምጃ ሳይሆን በዝላይ የሚሻገሩት ሆኖ ነበር። ሳይሻገሩ ተመለሱ፤ ፊታቸው የገብስ ሊጥ መሰለ፤ ቀንደ መለከቱንም አስነፉ።

መንደሩ ሁሉ ጉሙን እየቆረጠ ወደ ሽብሩ ግቢ ተሰበሰበ። ጎተራዋ ከማዶ፣ ጉም ውስጥ ራሷን ደፍታ እንደ ለቀስተኛ ቆማለች፤ ገመዱ ይጮኻል። ሴቶች ልጆቻቸውን አፈሱ። «ዘር ከቤቱ ከሸሸ አገር ሞተ» አለ አንድ ሽማግሌ። «እህል ዝም ብሎ አይሸሽም፤ ሲናቅ ነው። ማነው ዘሩን የናቀ? ይናገር!»

ያን ጊዜ ያ ሽብሩ ብቻውን ይሰማው የነበረው ድምፅ፣ ያ ወፍጮ፣ ከመሬቱ ሆድ ጓ! ብሎ ለሁሉም ተሰማ። ጭቃ ሹም ይርዳው እንደ ጆንያ ወደቁ።

«እኔ ነኝ!» አሉ። «ከሁለቱ ቁና አንዱ ገለባ ነበር! ማሪኝ፣ እመቤቴ!»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዝ? «እኔ ነቀዝ የበላውን ነው የሰጠሁ!» «እኔ ከሥር አሸዋ ነበር ያደረግሁት!» «እኔ እንክርዳድ!» «እኔም እንክርዳድ!» «እኔስ? ሁለቱንም ቁና እንክርዳድ!» ሃያ ሰባት ቤት ተናዘዘ፤ አሥራ አንዱ እንክርዳድ ነበር ይባላል። ለጎተራ የተናዘዘ ሕዝብ ከነጭ አፋፍ በቀር ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ ከምሰሶው ሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ «የእኔ ንጹሕ ነው» አለች። «ፈርቼ።»

ይህ ነው ሽብሩን ያጠፋው። ሰው ኃጢአቱን አውጥቶ ባዶ ሲሆን፣ የሚሸከምለት ይፈልጋል። ሁሉም ዞረው አዩት። «እሱ ነው!» አለ አንዱ። «ቀን ከሌት ከሥሯ እየተንቀጠቀጠ ፍርሃቱን አጋባባት! የፈሪ ጎተራ ፈሪ ናት፤ ደንብራ ነው የምትሸሽ!» «ውነት ነው! ቃሉ ይፈጸም! ይዘራ!» አሉ። ያ የሳቁበት ቃል እንደዚህ ተመልሶ መጣ። ሽብሩ ሊሮጥ ፈለገ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜው እግሩ እንቢ አለው፤ ጠፍሩን እንደ ጨበጠ ቀረ። ሁለት ጎበዞች ዶማቸውን አንሥተው ከደጃፉ ፊት ለፊት ጉድጓድ ጀመሩ፤ እስከ አንገቱ ሊተክሉት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝናቡ ያውቃል።

እንጉዳይ አልጮኸችም፤ ማንንም አልለመነችም። ገመዱን ይዛ፣ እየተንጠላጠለች ቦዩን ተሻገረችና ከጎተራዋ እግር ሥር ወደቀች። «ነይ ተመለሺ» አለቻት እግሯን አቅፋ። «ባሌን ሊዘሩብኝ ነው። ፈሪ ነው፤ ግን የእኔ ነው። ነይ ግቢ።»

በዚህ ጊዜ ከወዲህኛው በኩል አንደኛው ጎበዝ ዶማውን ሲያነሣ እጁ ባዶ መጣ።

«ጌታው፣ ዶማዬ ወደቀ።»

«አንሣዋ!» አሉ ጭቃ ሹም።

ሰውየው ወደ ጉድጓዱ ዘንበል ብሎ አዳመጠ። ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነፋስ ወጥቶ ፀጉሩን አቆመው።

«ገና እየወደቀ ነው፣ ጌታው።»

እንጉዳይም ፊቷን ከጎተራዋ እግር ሥር ስታነሣ አንድ ነገር አየች። ከእግሩና ከአለቱ መካከል የሸረሪት ድር ተዘርግቶ ነበር፤ አሮጌ ድር፣ ክረምቱ ሳይገባ የተደራ፣ አቧራው እንኳ ያልረገፈ፣ አሁን ጉም ዶቃ የሰካበት። ሸረሪቷም መካከሉ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ ደረሰች በተባለች ጎተራ እግር ላይ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። እንጉዳይ ድሩን አየች፤ ቦዩን አየች፤ ከቦዩ ማዶ የቆመውን ሕዝብ፣ ቤቱን፣ ግራሩን አየች፤ ሁሉም አብረው፣ እንደ ታንኳ፣ ቀስ ብለው ሲርቁ አየች። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ጉሙን ለሁለት ሰነጠቀው ይባላል፤

«ሰዎች! እሷ አልተነቃነቀችም! የምትሄዱት እናንተ ናችሁ!»

ጉሙ በተሰነጠቀበት በኩል ሰው ዞሮ አየ። ድሮ ከመንደሩ አንድ የፍየል መስክ ያህል ይርቅ የነበረው የገደል አፋፍ፣ ከጭቃ ሹም በረት ጀርባ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አጥሩ ግማሹ የለም።

ወንድሞቼ፣ ጀግና መሸሽ አያውቅም። ያ ደረቱን የነፋ ጎበዝ ሁሉ እንደ ጉቶ ተተክሎ ቀረ፤ አንዱ ጋሻውን ይፈልጋል፣ አንዱ ሰማይ ያያል፣ ጭቃ ሹም «ቆዩ፣ እንምከር» ይላሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሽ የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም አፉ ተከፈተ። «ወደ ኋላ አትዩ!» አለ ሽብሩ ከምሰሶው ሥር። «ዕቃ አታንሡ! ልጅ በጀርባ! እጅ በገመድ! እግር ከመሬት አታሳድሩ! ይሂድ! ቀጥል!» እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከዚያ በፊትም በኋላም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰውም እንደ ጉንዳን በጠፍሩ ላይ ተደርድሮ፣ ቦዩን ተንጠልጥሎ፣ ወደ አለቱ ወጣ። ጭቃ ሹም ሲሻገሩ ገመዱ ከሆዳቸው ክብደት የተነሣ ቦዩ ውስጥ ነክሮ አወጣቸው ይባላል። ከብቶቹ ግን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ አለቱ ላይ ቆመው ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ሲወጡ አዩና ማመስኳታቸውን ቀጠሉ።

ምሰሶው ሲሰበር ቋጠሮው ሊፈታ ይገባው ነበር። አንዳንዶች ሽብሩ መንደሩ እስኪያልፍ ብሎ ጀግኖ ገመዱን ያዘ ይላሉ፤ ውሸት ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ጣቶቹ ከፍርሃት ብዛት ጠፍሩ ላይ ደርቀው መፍታት አቅቶት ነው። እሱን የሚፈታ ቢኖር ኖሮ ገመዱ ይለቀቅ ነበር፤ ገመዱ ቢለቀቅ ኖሮ እኔም ዛሬ ልዋሻችሁ አልወለድም ነበር። ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ገመዱን ሲስብ፣ ሽብሩ የተሰበረውን ምሰሶ እንዳቀፈ እንደ ውኃ እንስራ ተጎትቶ ወጣ። እግሩ አለቱን እንደ ነካ፣ መሬቱ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ሄደ። ቤቱ፣ ግራሩ፣ በረቱ፣ ያ ለእሱ የተቆፈረው ጉድጓድ ጭምር። ድምፁን ማዶ ያሉ ሰዎች መሬት ስታገሳ ሰማን ብለው ዛሬም ይናገራሉ።

ያን ቀን ሃያ ስምንት ቤት ሕዝብ ከነበሬው ከአንዲት ጎተራ እግር ሥር ተጠለለ። እንዴት በቃቸው አትበሉኝ፤ ፈሪ ሰው ቦታ አይፈጅም። የሚያስገርመው፣ እንጉዳይ «እንዳትነኳት!» እያለች ስትከላከል ውላ፣ ሸረሪቷ ከነድሯ መትረፏ ነው።

ዘሩም ተረፈ። ነገር ግን ከአለቱ በላይ ባለው ማሳ የተናዘዙት እንክርዳድም አብሮ ተዘራ፤ በመከሩ ጊዜ ነጭ አፋፍ ከአጨደችው ነዶ ግማሹ እንክርዳድ ሆነ፤ የእንክርዳድ እንጀራ ደግሞ ራስ ያዞራል። መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ እየደገፈ ሲንገዳገድ ከረመ። ስለዚህ የማዶ ሰዎች እስከ ዛሬ «መሬቱ የሄደ የመሰላቸው እንክርዳድ በልተው ነው» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ መሬቱ የሄደው በሐምሌ፣ እንክርዳዱ የተበላው በኅዳር። ደግሞስ ያ ቤት ሁሉ ሰክሮ ነው ከገደል የገባው?

ሽብሩ ከዚያ ወዲያ ደፋር ሆነ የሚልም አለ። እንኳን ሊደፍር፣ ፍርሃቱ በእጥፍ ጨመረ፤ መንደሩም እንዳይድንበት ይጸልይ ጀመር። አዲስ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ እሱን አምጥተው መሬቱ ላይ ያቆሙታል፤ ከተንቀጠቀጠ ቦታው ይተዋል። ዘሮቹ ዛሬም «የፈሪ ቤት» ይባላሉ፤ በነጭ አፋፍ ይህ የክብር ስም ነው። ሌላው አገር «ፈሪ ለእናቱ» ሲል ይተርታል፤ እዚያ ግን ፈሪ ለአገሩ ነው። አውድማ ላይም እህል ሲመረቅ የመጨረሻው ቃል «ፈሪ አያሳጣን» ነው፤ ሰውም «አሜን» ብሎ መሬቱን ያያል። በየቤቱም ምሰሶው እስከ ጎተራዋ እግር ድረስ በጠፍር ተያይዞ ቀረ፤ የጎተራዎቹም እግሮች ሁሉ በተወቀረ አለት ውስጥ ናቸው። ከእግራቸው ሥር የተደራ የሸረሪት ድርም አይጠረግም። ማለዳ ማለዳ የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ ነው ከብት የሚፈታ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ከፈሪ ቤት አንዲት ልጅ ተዳረች። ሙሽራይቱ እንደ ወጉ ፊቷን ተሸፍና፣ ከማለዳ ጀምሮ ትንፍሽ ሳትል ተቀምጣለች፤ ለሙሽራ መናገር ነውር ነውና። ከቆላ የመጣው ሚዜ እየዘፈነ ሲገባ ጠፍሩ አገጩን ይዞ ጠላውን ከነዋንጫው ራሱ ላይ ደፋበት። ሰው ሲስቅ አፈረና ተናደደ። «ጉድ ነው!» አለ። «ምን ዓይነት አገር ነው? ጎተራ እንዳትሄድባቸው ያስራሉ!»

ሽማግሌዎቹ መሬቱን አዩ። እኔም ወጉን ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ ሙሽራይቱ ከሽፋኗ ሥር ቀደመችኝ፤

«እሷማ የት ትሄዳለች! የታሰርነው እኛ ነን!»